የአሳባቂዋ ክዳን

ቤከርስፊልድ፣ ካሊፎርኒያ
ጃንዋሪ 14 ቀን 2002

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ ለዶን አቬሊኖ ኦሮፔሳ
ዴሊሲያስ፣ ቺዋዋ

ከሁሉ አስቀድሞ ቤትዎን ጤናና ጥጋብ አይለየው እላለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ኖርማና ልጆቹ ገናን ከእናንተ ጋር ውለን በሰላም ቤታችን ገብተናል። አክስቴ ዶኛ ኢሜልዳ የቋጠሩልን አይብ ግን ድንበር ላይ ተወሰደብን። ፈታሾቹ እያጣጣሙ እንደበሉት አልጠራጠርም። አደራ፣ ለአክስቴ እንዳይነግሯቸው።

የምጽፈው ስለ አይቡ አይደለም። ባለፈው ዓርብ ፒክአፔን ምርመራ ወሰድኳት፤ አለፈች! ያቺ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ስምንት ወር ሙሉ አንጀቴን ስታበግነው እንደነበር ያውቃሉ። መብራቷ ከበራ እዚህ ምርመራ አይታለፍም፤ ምርመራ ያላለፈ መኪና ደግሞ ሰሌዳው አይታደስም። ሦስት ጋራዥ አዳርሻታለሁ። አንደኛው «የነዳጅ ሰልባቲዮው ክዳን ነው» ብሎ ክዳን ቀየረ። ሁለተኛው «ቫልቩ ነው» ብሎ ቫልቭ ቀየረ። ሦስተኛው የቤንዚን ትነት የሚጠራቀምበትን የከሰል ሳጥን እንዳለ አውጥቶ አዲስ ገጠመላት። መብራቷ ሦስት ቀን ጠፍታ ትቆይና ትመለሳለች።

ገናን እናንተ ጋ ስንውል ግን እርስዎ ያንን ከቀለም ጣሳ የሠሩትን ጉድ አምጥተው ጭስ ነፉባት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነዳጅ መሙያው አንገት ላይ፣ ከዝገቱ ሥር፣ ክር የምታህል ጭስ ሽቅብ ስትወጣ አሳዩኝ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ፍሬን የጠገንኩ መካኒክ ነኝ፤ አፈርኩ። እዚህ አገር ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ያላቸው ትልልቆቹ ብቻ ናቸው፤ ዋጋውም አይቀመስም። እንደኛ ያለው ጋራዥ በግምት ዕቃ ሲቀይር ይውላል።

እንዴት እንደሠሯት ይጽፉልኛል? ለሌላ አይደለም፤ እጄን ላፍታታባት ብዬ ነው።

አክባሪ ልጅዎ
ሮሄልዮ


ዴሊሲያስ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2002

ለወንድሜ ልጅ ለሮሄልዮ

እንደምን ከረማችሁ? እመቤታችን ትጠብቃችሁ። እኛ የኔን ጉልበት ካልቆጠርከው ሁላችንም ደህና ነን። ለአክስትህ አይንገሯት ያልከውን ደብዳቤ ጮክ ብላ ያነበበችልኝ ራሷ አክስትህ ናት፤ መነጽሬ ተሰብሯል። በፈታሾቹ ላይ ያወረደችውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም፤ ፖስታ ቤቱ አይቀበለውም።

ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከኤል ፓሶ ለበዓል የሚመጡት ወገኖቻችን መብራቱ ከጠፋላቸው «አምላክ ይስጥልን» ብለው ይሄዳሉ፤ እንዴት እንደጠፋ ግን ግድ የላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር አልፎ አልፎ የሰልባቲዮውን በር ሁሉ ይዘጋና ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ትንፋሹ ካመለጠው «ቀዳዳ አለ» ብሎ መብራት ያበራል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በአፍንጫ አይገኝም፣ በሳሙና አረፋም አይገኝም። ለዚህ ነው ሁሉም ክዳን ሲቀይር የሚውለው። ጭስ ግን ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይወጣል። ያንተ ሥራ በፀሐይ ወይም በባትሪ ብርሃን ዓይንህን ገልጠህ ማየት ነው።

ጣሳው የቀለም ጣሳ ነው። ውስጡ ከወደቀ የናፍጣ ትራክተር የነቀልኩት፣ በባትሪ የሚግል ማሞቂያ ካንዴላ አለ። ሁለት የመዳብ ቧንቧ አለ፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። የሚጨሰው የሕፃን ገላ ቅባት ነው፤ ሌላ ዘይት ይከረፋል፣ ጎማም ይበላል። ስድስት ጠርሙስ ስገዛ የፋርማሲዋ ሴትዮ «ዶን አቬሊኖ፣ በዚህ ዕድሜዎ! እንኳን ማርያም ማረቻቸው» አለችኝ። ኢሜልዳ እስካሁን በዚያ በኩል አታልፍም።

ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ጭሱን የሚገፋው የብየዳ ጋዝ ይሁን፣ ያ የማይነድደው። አየር እንዳታስገባበት። ሰልባቲዮው ውስጥ ያለው የቤንዚን ትነት ነው፤ እዚያ ላይ አየር ጨምረህ ከጋለ ካንዴላ ጋር ካገናኘኸው ቦምብ ሠራህ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ግፊቱን በውሃ ለካ። ቅርንጫፍ ቱቦ አውጥተህ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አንድ ስንዝር ንከረው። ግፊቱ ከበዛ እዚያ ይንቦቀቦቃል እንጂ መኪናውን አይጎዳም።

ልጄ ሮሳውራ ጣሳውን አጠገቧ አስቀምጣ የሣለችው ሥዕል አብሮ አለ። እያንዳንዱን ነገር እንዳየችው ነው የሣለችው።

ልጄ፣ አርባ ዓመት ሰው የሠራውን ስጠግን ኖርኩ። ከእጄ የወጣ፣ የኔ ነው የምለው ነገር ይህች ጣሳ ብቻ ናት። «አሳባቂ» ብያታለሁ፤ መኪናው የደበቀውን ሁሉ ታወጣለች። አንተ ስለወደድካት አባትህ ነፍሱን ይማረውና ደስ ይለው ነበር።

አጎትህ
አቬሊኖ


ቤከርስፊልድ
ሜይ 6 ቀን 2002

ይድረስ ለአባቴ ምትክ ለዶን አቬሊኖ

ሰላምታዬ ከልቤ ነው። ኖርማ እጅ ትነሣለች። ለዶኛ ኢሜልዳ ስለ አይቡ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አጎቴ፣ ጉድ ፈላ! በሥዕሉ መሠረት አንዲት አሳባቂ ሠርቼ ሥራ ቦታ ወሰድኳት። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የታገለውን መኪና በሃያ ደቂቃ አገኘሁለት፤ ከኋላ ጎማው በላይ ወደ ሰልባቲዮው የምትሄደውን ቱቦ አይጥ በልቷት ነበር። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሁሉ «ለኛም ሥራልን» ይሉኛል። ስምንት ጋራዥ ጠይቆኛል።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ጥቂት ሠርቼ ልሽጥ። ክዳኗ ላይ ደግሞ በትልቁ «አቬሊኖ ኦሮፔሳ፣ ዴሊሲያስ» ብዬ አስቀርጻለሁ። የካሊፎርኒያ መካኒክ ሁሉ ጠዋት ሥራ ሲገባ ስምዎን ያነባል። በአባቴ ዐፅም ቃሌ ነው።

እስከዚያው እነዚህን ይመልሱልኝ። ካንዴላው ስንት ደቂቃ ሲግል ነው ጭሱ የሚወፍረው? ቅባቱ እስከ የት ይሞላል? የመግቢያው ቧንቧ ርዝመትስ ስንት ነው? ሥዕሉ ላይ ቧንቧው መሀል አካባቢ ያለውን ጉብጠትም በሚሊ ሜትር ቢልኩልኝ።

ደግሞ እስካሁን ለማን ለማን አሳይተዋል? ለጊዜው ለሌላ ሰው ባያሳዩ ጥሩ ነው። እዚህ አገር ሰው ሐሳብ ይሰርቃል።

ልጅዎ ሮሄልዮ


ዴሊሲያስ
ጁላይ 29 ቀን 2002

ለልጄና ለአበልጄ ለሮሄልዮ

አዎ፣ አበልጄ! በትክክል ነው ያነበብከው። የዘገየሁት ለዚህ ነው፤ የቅዱስ ክሪስቶፎሮስን ቀን ስጠብቅ።

የሾፌሮቹን በዓል ታውቀዋለህ። የጭነት መኪናው ሁሉ አበባ ለብሶ፣ ጥሩንባውን እያስጮኸ በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያልፋል፤ ቄሱ ጠበል ይረጫል፤ አዲስ መኪና ያለውም ክርስትና አባት ያቆምለታል። እኔም አሳባቂን አጥቤ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቼ፣ የፒክአፔ ኮፈን ላይ አስሬ ተሰለፍኩ። አባ ሴሌዶንዮ ቀና ብለው አዩኝና «አቬሊኖ፣ ይሄ ድስት ነው?» አሉ። «መሣሪያ ነው አባ» አልኳቸው። «ክርስትና አባቱስ?» ሲሉ «ሮሄልዮ የወንድሜ ልጅ፣ ካሊፎርኒያ ያለው» አልኩ። አንተን ወክሎ የሰፈራችን ዶሮ ነጋዴ ቆመ። እንግዲህ አንተ ክርስትና አባቷ ነህ፤ እኔና አንተም አበልጅ ነን። አጎትና የወንድም ልጅ ይጣላል፤ አበልጅ ግን እንዳይጣላ ምለናል።

የጠየቅከኝን ልኬት በሙሉ ሮሳውራ በወረቀቱ ጀርባ ጽፋልሃለች።

ለሌላ አያሳዩ ያልከኝንም ጠብቄያለሁ። ቀላል አልነበረም። ከቺዋዋ የሙያ ትምህርት ቤት አንድ መምህር መጥቶ «በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ይህችን ነገር ለተማሪዎች ያስተምሩልን» አለኝ። «ዶን አቬሊኖ» ሳይሆን «መምህር» እያለ ነበር የሚጠራኝ። አሳባቂን በጨርቅ ሸፍኜ «አልችልም፣ ለአበልጄ ቃል ሰጥቻለሁ» አልኩት። ከሄደ በኋላ ምሳ አልበላልህ አለኝ።

ስሜን ስታስቀርጽ አደራ፣ የእናቴንም ስም ጨምርበት፤ «አቬሊኖ ኦሮፔሳ ኬሳዳ»። ያ ዶሮ ነጋዴም አቬሊኖ ኦሮፔሳ ነው የሚባለው። ካሊፎርኒያ ድረስ እሱ እንዲመሰገንልኝ አልፈልግም።

አበልጅህ
አቬሊኖ


ቤከርስፊልድ
ኦክቶበር 11 ቀን 2002

አጎቴ፣ ሰላም ነው?

ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ነው። ልኬቱ ደርሶኛል፤ ከፍሬኑ ሥራም ወጥቻለሁ። አሁን ስድስት ሰው ይሠራልኛል።

የብየዳውን ጋዝ አደራ ብለውኝ ነበር፤ ነገር ግን ገዢዎቹ አይስማሙም። ጋዝ ገዝቶ መሙላት አይፈልጉም፤ ኮምፕሬሰር ሁሉም ጋ አለ። ስለዚህ ለኮምፕሬሰር የሚሆን መግጠሚያ አድርጌበታለሁ። እስካሁን ምንም የገጠመን ነገር የለም። የውሃውንም ጠርሙስ በግፊት መለኪያ ሰዓት ተክቼዋለሁ።

በዚህ ገና ከካሊፎርኒያ ለሚመጡ ሰዎች አሳባቂን ባያወጧት ይሻላል። የላስቲክ ሰልባቲዮ ላይ ሞክረዋት እንደሆነም ቢጽፉልኝ ጥሩ ነው።

ሮሄልዮ


ዴሊሲያስ
ኖቬምበር 3 ቀን 2002

ለአበልጄ ለሮሄልዮ

ለጤናህ እንደምን አለህ? ትላንት የሙታን ቀን ነበር። የአባትህን መቃብር ጠርገን፣ የሚወደውን የሶቶል አረቄ አስቀምጠንለታል። ሰላም በልልኝ ይልሃል።

ወዳጄ፣ አየር አታስገባ! ስንት ጊዜ ልንገርህ? «እስካሁን ምንም አልገጠመንም» ማለት ነገ አይገጥምም ማለት አይደለም። ሰልባቲዮው በቤንዚን ሲሞላ ትነቱ ወፍራም ነው፣ እሳት አይዝም፤ ሲጎድል ግን ከአየር ጋር ይደባለቅና ትንሽ ብልጭታ ይበቃዋል። ጋዝ መግዛት ያልፈለገ አይግዛት።

ስለ ክዳኑ ምንም አልጻፍክም። ተቀረጸ? አንዱን ክዳን ብቻ በፖስታ ላክልኝ፤ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። ሚስማሩን መትቼ አዘጋጅቻለሁ።

አቬሊኖ


ዴሊሲያስ
ጃንዋሪ 5 ቀን 2003

ሮሄልዮ

ለኖቬምበሩ ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠኸኝም። አሁን ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ከኤል ፓሶ ለገና ሄክቶር የሚባል መካኒክ መጣ። የመኪናውን የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ከፍቶ አንዲት ቀይ መሣሪያ አወጣና «ዶን አቬሊኖ፣ እርስዎ በጣሳ የሚሠሩትን ካሊፎርኒያ በፋብሪካ ሠሩት!» አለኝ። አየኋት። አሳባቂ ናት። ክዳኗ ላይ «ኦሮፔሳ» ይላል። ከእሷ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ደግሞ አንተ ነጭ ጋዋን ለብሰህ ቆመሃል። አንተን ነጭ ለብሰህ ያየሁህ ትርፍ አንጀትህን ያወጡልህ ጊዜ ብቻ ነው። ሄክቶር እንግሊዝኛውን አነበበልኝ፤ «ሮሄልዮ ኦሮፔሳ በሁለት ዓመት ምርምር የፈለሰፋት»።

ከፈትኳት። የመግቢያው ቧንቧ መሀሉ ላይ ወደ ግራ ይጎብጣል። ለምን እንደሚጎብጥ ታውቃለህ? አታውቅም። ብረት የምጨብጥበት ሞርሳዬ አንዱ ጥርሱ ተሰብሮ ነበር። ቧንቧውን ሳጠብቀው ተንሸራተተና ጎበጠብኝ፤ ሌላ ቧንቧ ስላልነበረኝ እንደዚያው ገጠምኩት። ሮሳውራም ያየችውን ሣለች። አንተ በሚሊ ሜትር ለክተህ፣ በፋብሪካ እያጎበጥክ ትሸጣለህ! «ይሄ ጉብጠት ለምንድን ነው?» ብዬ ሄክቶርን ጠየቅሁት። ወረቀቱን ገልጦ «ጭሱን ለማቀዝቀዝ ነው፤ ልዩ ፈጠራቸው ነው ይላል» አለኝ።

«የኔ ናት» አልኩት። ሳቀ። «እናንተ ኦሮፔሳዎች ስትባሉ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እሱ ከሄደ በኋላ ጋራዡን ዘግቼ አለቀስኩ። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ነው ያለቀስኩት እንጂ ተደብቄ አይደለም።

የትምህርት ቤቱ መምህርም ሌላ ሰው ቀጥሯል። ላንተ በሰጠሁት ቃል ብዬ በሩን የዘጋሁበት ሰውዬ ማለቴ ነው። ሌባ ቢሰርቀኝ ፖሊስ ጋ እሄድ ነበር። አበልጄ ሲሰርቀኝ የት እንደሚኬድ አላውቅም።

አቬሊኖ


ቤከርስፊልድ
ማርች 22 ቀን 2003

አጎቴ

በቁጣ የጻፉት ስለሆነ አልከፋኝም። ነገሩን ከዚህ በኩል ሆነው ስላላዩት ነው።

ኦሮፔሳ የእርስዎም ስም ነው። ክዳኑ ላይ ያለው የሁላችንም ስም ነው፤ የአባቴም፣ የአያቴም። ጠበቃዬ የእርስዎ ሙሉ ስም ከገባ ወረቀቱ ይበዛል፣ ሌላ አገር ያለ ሰው ፊርማ ይጠየቃል፣ ዓመት ይፈጃል አለኝ። ገበያ ደግሞ አይጠብቅም። ወረቀቱ ላይ ያለውን የጻፉት የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው፤ ጋዋኑንም ያለበሱኝ እነሱ ናቸው። እኔ በልቤ ምንጊዜም የእርስዎ ናት እላለሁ።

በኖርማ ወንድም በኩል ቡትስ ጫማ ልኬልዎታለሁ፤ ጥሩ ቆዳ ነው።

ደግሞ ያንን የሞርሳውን ነገር ለማንም ባይናገሩት ደስ ይለኛል። ለሄክቶር ነግረውታል?

ሮሄልዮ


ቤከርስፊልድ
ጁን 17 ቀን 2003

ይድረስ ለውድና ለተከበሩት አጎቴ፣ አባቴና አበልጄ ለዶን አቬሊኖ ኦሮፔሳ ኬሳዳ

የእግዚአብሔር ጸጋና የእመቤታችን ምልጃ ቤትዎን ይሙላው፤ ጉልበትዎን ያበርታው፤ ዕድሜዎን ያርዝመው። ለዶኛ ኢሜልዳ፣ ለሮሳውራ፣ ለጎረቤት ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ለማርቹ ደብዳቤዬ መልስ ባላገኝም ቡትሱ እንደሚስማማዎ ተስፋ አለኝ።

አጎቴ፣ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ቪሳሊያ የምትባል ከተማ ዳርሊን ሃተን የምትባል የጋራዥ ባለቤት አለች። ባለፈው ወር በኛ መሣሪያ ቀዳዳ ስትፈልግ እሳት ተነሣ። ቤንዚኑ የጎደለ መኪና ነበር። ነፍሷ ተርፏል፤ ሁለቱም እጆቿና አንገቷ ግን ክፉኛ ተቃጥለዋል። ጠበቃ ይዛ ከሳናለች።

ምንም ቢሆን የመሣሪያዋ አባት እርስዎ ነዎት፤ ይህን ክጄ አላውቅም። ስለዚህ ጠበቃዬ ያዘጋጀውን ወረቀት ልኬያለሁ። መሣሪያዋን ያቀዱትም፣ የኮምፕሬሰሩን መግጠሚያ የፈቀዱትም እርስዎ እንደሆኑ የሚገልጽ ነው። የተሰመረበት ቦታ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ። እርስዎ ዴሊሲያስ ነዎት፤ ማንም አይመጣብዎትም፣ ምንም አይወስድብዎትም። እኔ ግን ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ስምዎን እንደተመኙት ሙሉውን አስጽፌዋለሁ።

የአባቴን ነፍስ ያስቡ። ከጁላይ አጋማሽ በፊት ቢደርስልኝ።

ሁልጊዜም ልጅዎ
ሮሄልዮ


ዴሊሲያስ
ጁላይ 8 ቀን 2003

ሮሄልዮ

ለኖርማና ለልጆቹ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

ወረቀትህ ደረሰኝ። እዚህ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ልጅ መጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ስሜ ሰባት ቦታ ላይ አለ፤ ቆጠርኩት። አቬሊኖ ኦሮፔሳ ኬሳዳ፤ ከነእናቴ ወገን፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ዓመት ሙሉ ስለምንህ የነበረው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚጻፍ ኖሯል።

እውነቱን ልንገርህ፤ አንድ ቀን ሙሉ ልፈርም አስቤ ነበር። እንደ ሞኝ ወረቀቱን ጋራዥ ወስጄ እያየሁት ዋልኩ። ትልቅ ማኅተም ያለበት፣ ካሊፎርኒያ የተጻፈ ወረቀት እኔን «ፈልሳፊ» ይለኛል። ማታ ራት ላይ ኢሜልዳ እስክሪብቶዬን ከደረት ኪሴ አወጣችና «የምትፈርመው በዚያች ሴትዮ እጅ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ራቱን በላን።

አሁን ደግሞ ያንተን ሳይሆን የራሴን ልናገር። ጃንዋሪ ላይ የሄክቶርን መሣሪያ ስከፍት የጎበጠውን ቧንቧ ብቻ አይደለም ያየሁት። የኮምፕሬሰሩንም መግጠሚያ አየሁ። እሳት እንደሚያመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በእጄ ይዤው ነበር። ለሄክቶር «ይህን በአየር እንዳትሠራበት» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩትም። ላንተ በጻፍኩት ደብዳቤ ላይም ስለሱ አንድ ቃል የለም። ሁለት ገጽ ሙሉ የጮኽኩት ስለ ስሜና ስለ ቧንቧዬ ነበር። አኩርፌ ነበር። «የኔ ካልተባለች የራሱ ጉዳይ» ብዬ ነበር። ያቺ ሴት የተቃጠለችው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ከዳኸኝ፤ እኔ ደግሞ ያኔ ስሟን እንኳ የማላውቃትን ሴት ከዳሁ። ይቅር የማልልህ አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ እንደዚህ ያለ ሰው እንድሆን አድርገኸኛል። ሌላውን ጊዜ ያስረሳኝ ይሆናል።

ስለዚህ ያደረግሁትን እወቅ። ለሄክቶር ስልክ ደውዬ መሣሪያዋን እንዳይነካት ነግሬዋለሁ፤ ለሚያውቃቸው ሁሉ እንዲነግርም አስምዬዋለሁ። ያንተን ደብዳቤዎች ከጃንዋሪ 2002 ጀምሮ ያሉትን በሙሉ፣ የብየዳውን ጋዝ አደራ ብለውኝ ነበር ያልክበትን የኦክቶበሩንም፣ አንድ ላይ አስሬ በአደራ ፖስታ ለሴትየዋ ጠበቃ ልኬያለሁ። አድራሻው አንተ የላክኸው ወረቀት ላይ ነበር። እኔም አይቼ ዝም ማለቴን በራሴ እጅ ጽፌ፣ ፈርሜ ጨምሬበታለሁ። የሚፈርዱብኝ ከሆነ ይፍረዱብኝ፤ ከዴሊሲያስ የትም አልሄድም።

ቡትሱን ለዶሮ ነጋዴው ሰጥቼዋለሁ። በክርስትናው ቀን ባንተ ቦታ የቆመው እሱ ነው።

ከእንግዲህ ለኔ አትጻፍ። መጻፍ ካለብህ ለዳርሊን ጻፍላት። ወረቀት መያዝ ገና አትችልም፤ ይዞ የሚያነብላት ሰው ግን አይጠፋም።

አቬሊኖ ኦሮፔሳ ኬሳዳ